ቀልቤ ከእኔ ጋር የለም

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን የማነበው ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። ዛሬ ግን እኔው ልጽፍልዎ ተነሣሁ፤ እባክዎን ስሜ አይውጣ።

የ36 ዓመት ሴት ነኝ። አንድ የግል ባንክ ውስጥ ካሸር ሆኜ እሠራለሁ። የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሲሆን ሥራዬ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ እወጣለሁ፣ ስመለስ መሽቷል። ባለቤቴ ደግ ሰው ነው። ሁለት ልጆች አሉን፤ ትልቋ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ትንሹ ሦስት ሊሞላው ነው። አማቴ አብረውን ስለሚኖሩ ልጆቹ ያለ ሰው አይውሉም። ለሚያየኝ ሰው ምንም አልጎደለኝም። “ተመስገን በይ” የማይለኝ የለም። እኔም እላለሁ፤ ግን የሚለው አፌ ነው።

ምን ሆንሽ ቢሉኝ፣ የለሁም ነው መልሴ። ከታክሲ ወርጄ ሒሳብ መክፈሌን አላስታውስም። ምሳ እበላለሁ፣ ምን እንደበላሁ አላውቅም። ቤት ስገባ ልቤ ባንክ ነው፣ ባንክ ስሆን ልቤ ቤት ነው። ደሴ ያሉት አባቴ ከታመሙ ዓመት አልፏቸዋል፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ። የቤቱ ወርሃዊ ክፍያ አለ፣ ዕቁብ አለ። ባለፈው ዓመት ደግሞ የገንዘብ ጉድለት ወጥቶብኝ ከደመወዜ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ተኝቼም ብር እቆጥራለሁ። ትንሽ ፋታ ሳገኝ ቲክቶክ እከፍታለሁ፤ ለአምስት ደቂቃ ብዬ አንድ ሰዓት ይሄዳል፣ ምን አየሽ ብባል መልስ የለኝም።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን ይኼ ነው። ባለፈው ወር ትልቋ ልጄ ስትስቅ የፊት ጥርሷ የለም። “መቼ ወለቀ?” አልኳት። “ነግሬሽ ነበር እኮ፣ እሺ ብለሽኛል” አለችኝ። ለካ ከወለቀ ሁለት ቀኑ ነው። አማቴ ናቸው ይዘዋት ወርደው ጥርሷን የጥበቃው ቤት ጣሪያ ላይ ያስወረወሯት። የመጀመሪያ ጥርሷ ነበር። ያን ቀን ማታ ሳለቅስ ባለቤቴ “አጠገቤ ተቀምጠሽ ትናፍቂኛለሽ” አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አሜሪካ ያለችው እህቴ “ማይንድፉልነስ ሞክሪ” ብላ አፕ ላከችልኝ። ዐይንን ጨፍኖ ትንፋሽን መከታተል ነው። ሞከርኩት። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የዕቁቡ ቀን፣ የአባቴ መድኃኒት፣ የልጄ ዩኒፎርም ተራ በተራ ይመጣሉ። ይኼንንም አልቻልኩም ብዬ ተውኩት። አማቴ ደግሞ ሲያዩኝ “ጸሎት ጠፍቶ ነው የባዕድ አምልኮ የምትጀምሪው?” አሉኝ። ስለ ኑሮዬ ባነሡ ቁጥርም “የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች” ይሉኛል። እውነታቸውን ይሆን እላለሁ።

በሃይማኖቴ ቀልድ አላውቅም። እህቴንም አማቴንም ማስቀየም አልፈልግም። የሚገርመኝ፣ ረጋ የምለው ቅዳሜ ጠዋት እንጀራ ስጋግር ብቻ ነው። የልጆቼ ልጅነት ሳላየው እንዳያልፈኝ እፈራለሁ። ምን ላድርግ?

ስሜ ይቆይ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽ ውስጥ እንደዋዛ ጠቅሰሽ ያለፍሻት አንዲት ነገር አለች፤ የእንጀራዋ ነገር። ወደ እሷ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ያመመሽን እንንካ።

ጥርሱ ወልቆ ሁለት ቀን ሳታዪ መቅረትሽን የክፉ እናትነት ማስረጃ አድርገሽ ይዘሽዋል። እኔ ከልጅቷ በኩል ሆኜ ሳየው ሌላ ነገር ይታየኛል። ያን የሚያህል ዜና ይዛ ወዳንቺ መጥታለች። “እሺ” ከማለት በቀር መልስ እንደሌለሽ ብታይም፣ ስትጠይቂያት አላኮረፈችም፤ ነግሬሽ ነበር እኮ ብላ አስታወሰችሽ። ልጅ ተስፋ ከቆረጠበት ሰው ጋር እንዲህ አያወራም። ደግሞ የወተት ጥርስ ሃያ ነው፤ እስከ አሥራ ሁለት ዓመቷ ገደማ አንድ በአንድ ይወልቃል። የመጀመሪያው አምልጦሻል፣ ያሳዝናል፤ አሥራ ዘጠኙ ገና አፏ ውስጥ ነው። ዛሬ ማታ አጠገቧ ተቀመጪና “እስቲ ጥርስሽ እንዴት እንደወለቀ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ” በያት። መነቃነቅ ከጀመረበት ቀን አንሥታ፣ ደሙን፣ አያቷን፣ ውርወራውን ሁሉ ትነግርሻለች። ልጆች የነገሩትን ደግሞ መንገር አይሰለቻቸውም። ይቅርታ መጠየቅ ከፈለግሽ ጠይቂያት፣ ግን አጭር ይሁን። የሰባት ዓመት ልጅ እናቷን ማጽናናት የለባትም።

አሁን “የለሁም” ወዳልሽው እንሂድ። እውነት የለሽም? ሥራሽን አስቢው። ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ገንዘብ ትቆጥሪያለሽ፣ ሐሰተኛ ኖት ትለያለሽ፣ ፊርማ ታመሳክሪያለሽ፣ ከመስታወቱ ወዲያ ሰልፉ ያጉረመርማል። ለአፍታ ብትዘናጊ ጉድለቱ ከደመወዝሽ ይወጣል፤ አንድ ጊዜም ወጥቷል። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ የምትውል ሴት ቀልቧ ጠፍቷል ማለት አልችልም። ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ውሎ ማታ የተረፈው ነው ከአንቺ ጋር ታክሲ የሚሳፈረው። ይኼን ልዩነት አጥብቄ የያዝኩት ለማጽናኛ ብዬ አይደለም። የጠፋ ቀልብና የደከመ ቀልብ መድኃኒታቸው ስለሚለያይ ነው። ለደከመ ሰው ሌላ የቤት ሥራ አይጨመርለትም፤ እህትሽ የላከችው አፕ ደግሞ፣ በፍቅር የተላከ ቢሆንም፣ ላንቺ ሌላ የቤት ሥራ ሆነ።

ሐሳብ መሸሹ በአንቺ የተጀመረም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ማቲው ኪሊንግስዎርዝና ዳንኤል ጊልበርት የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች 2,250 ሰዎችን በመደበኛ ውሏቸው መሐል በስልክ ድንገት እያቋረጡ ይጠይቁ ነበር። አሁን ምን እየሠራህ ነው? ሐሳብህ የት ነው? ምን ይሰማሃል? ከተሰበሰበው መልስ 46.9 ከመቶ በሚሆነው ጊዜ የሰዎቹ ሐሳብ ከሚሠሩት ነገር ርቆ ነበር የተገኘው። ሐሳባቸው በራቀ ጊዜ ደስታቸው ያንስ ነበር፤ ወደ መልካም ነገር ቢሄድ እንኳ ያሉበት ነገር ላይ ካሉት አይበልጡም። ግማሽ ዕድሜያችንን ሌላ ቦታ ነን ማለት ይቻላል። አንቺን ከሌላው የሚለይሽ ነገር ቢኖር፣ መሄድሽን ማወቅሽ ነው።

የአማትሽን ነገር ሸፋፍኜ አላልፈውም። “የባዕድ ነው” ማለታቸው መነሻ አለው። የዚህ ልምምድ ሥር ከቡድሃ እምነት ተከታዮች የተቀዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ጆን ካባት-ዚን የተባለ የሞለኪዩላር ባዮሎጂ ተመራማሪ አሜሪካ ውስጥ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ መድኃኒት ብቻውን ላልረዳቸው የረጅም ጊዜ ሕመምተኞች ሥልጠና ጀመረ። ሃይማኖታዊ ሥርዓቱን ትቶ ልምምዱን ብቻ ነው የወሰደው። ሰልጣኞቹ መጀመሪያ ከሚሠሯቸው ነገሮች አንዱ አንዲት የዘቢብ ፍሬ በዝግታ ማየት፣ ማሽተትና ማኘክ ነው። ዘቢብ ማኘክ አምልኮ ነው ብዬ አላምንም። ቢሆንም ኅሊናሽን የሚቆረቁርሽን ነገር በግድ አድርጊ አልልሽም፤ ለመረጋጋት የተጀመረ ነገር ራሱ ጭንቀት ከሆነ ምኑን መረጋጋት ሆነ? የንስሐ አባትሽን ጠይቂያቸው። ስትጠይቂ ግን “ማይንድፉልነስ ይፈቀዳል?” ብለሽ አትጀምሪ። የምታደርጊውን በግልጽ ንገሪያቸው፤ “ሐሳቤ ሲበተን ትንፋሼን እያዳመጥኩ እሰበስበዋለሁ” በያቸው።

አማትሽ ያላነሡት ሌላ ግማሽ ደግሞ አለ። የሐሳብን መበተን የተዋጉት ቡድሃውያን ብቻ አይደሉም። በ4ኛው መቶ ዘመን በግብጽ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኢቫግሪዮስ፣ በቀትር መነኮሳትን ስለሚፈታተን መንፈስ ሲጽፍ የዛሬን ሰው ያየ ይመስላል። ለተፈተነው መነኩሴ ፀሐይዋ የቆመች ትመስለዋለች፤ ቀኑ ሃምሳ ሰዓት ይሆንበታል። ዘጠኝ ሰዓት ደረሰ አልደረሰ እያለ ወደ ሰማይ ያያል፤ በጾም የምናውቃት ያቺው የመብል ሰዓት ናት። በመስኮት ይመለከታል፤ የሚመጣ ወንድም ይኖር ይሆን ይላል። ያለበትን ቦታ ይጠላል፣ ሥራውን ይጠላል፣ ሌላ ቦታ ይናፍቃል። መስኮቱን አንሥተሽ ስልክ ብታደርጊበት የእኔም የአንቺም ምሽት ነው። በዚያው በረሃ ሙሴ ጸሊም የተባለው መነኩሴ፣ አንድ ወንድም ምክር ቢጠይቀው፣ “ሂድና በበዓትህ (በመኖሪያ ክፍልህ) ተቀመጥ፤ በዓትህ ሁሉን ያስተምርሃል” አለው። ሙስሊም አንባቢዎቼም በሶላት ውስጥ ኹሹዕ የሚሉትን፣ አካል ሰግዶ ልብ ሌላ ቦታ እንዳይቀር የሚደረገውን ትግል ያውቁታል።

ይኼን ስል ጸሎትና ትንፋሽ መከታተል አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። ጸሎት የሚሰማ አለ ተብሎ የሚነገር ነገር ነው፤ ነርቭ ማስታገሻ ማድረጉ ደስ አይለኝም። ግን ጸሎትም ቢሆን ያለ ቀልብ እንደማይሆን አማትሽ ከእኔ በተሻለ ያውቃሉ። እስቲ እሳቸውን ጠይቂያቸው፤ “እማዬ፣ እርስዎ ሲጸልዩ ሐሳብዎ አይሸሽም? ሲሸሽ ምን ያደርጋሉ?” በያቸው። የተከራከርሽው ሳይሆን ምክር የጠየቅሽው ሆነሽ ትቀርቢያለሽ። መልሳቸውም የሚጠቅምሽ ይመስለኛል፤ የልጅ ልጃቸውን ጥርስ ቆጥረው የሚያውቁ ሴት ናቸውና።

“ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ዕቁቡ መጣብኝ፣ አልቻልኩም” ብለሻል። ማንም አልነገረሽም እንጂ ልምምዱ እሱ ራሱ ነው። ሐሳብ ይሄዳል፣ መሄዱን ታውቂያለሽ፣ ሳትቆጪ ትመልሺዋለሽ፤ ደግሞ ይሄዳል። ሃያ ጊዜ ቢሄድና ሃያ ጊዜ ብትመልሺው ሃያ ጊዜ ሠርተሻል። ጭንቅላት ባዶ የሚሆንበት ቀን አይመጣም፣ አይጠበቅምም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ማሟሻ ናቸው። ምጣዱ ላይ ለምትበላሸው ለመጀመሪያዋ ተብሎ ሊጥ የሚደፋ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?

ይኸው ወደ እንጀራው መጣን። እዚያ መረጋጋትሽ ይገርመኛል ብለሻል፤ እኔ የገመትኩትን ልንገርሽ። ሊጡን ከዳር ጀምረሽ እያዞርሽ ወደ መሐል ስታፈሺ እጅሽ ሥራ ላይ ነው፣ ስለዚህ ስልክ አይነካም። ዓይኑ እስኪወጣ መጠበቅ አለብሽ፤ አይፈጥንም፣ ግን ደግሞ አይረሳም። ቀድመሽ ብትከድኚው አይሆንም፣ ብትዘገዪ ይደርቃል። ሙቀቱ ፊትሽን ይነካዋል፣ ሽታው ብስል መሆኑን ይነግርሻል፣ ጠርዙ ሲነሣ ታይዋለሽ። ስታወጪው ደግሞ አለቀ፤ መሶብ ላይ ይቆጠራል። ለዚያች ያህል ጊዜ ዐይንሽም፣ አፍንጫሽም፣ እጅሽም አንድ ቦታ ናቸው። ማንም “ተረጋጊ” አላለሽም፣ ግን ተረጋግተሻል። አፑ ሊያስተምርሽ የፈለገው ይኼንኑ ነው፤ አንቺ ቅዳሜ ቅዳሜ ስታደርጊው ኖረሻል።

ስለዚህ ዐይን ጨፍኖ መቀመጡን ተዪው። ለአንዳንድ ሰው ዐይን መጨፈን ራሱ ጭንቀቱን ያብስበታል፤ አንቺም ከእነሱ አንዷ ትሆኚ ይሆናል። በምትኩ ከሳምንቱ ቀናት ውስጥ እንደ እንጀራው እጅ የሚይዝ አንድ ሥራ ምረጪ። እኔን ብትጠይቂኝ የትንሹን ልጅ ማጠብ ነው የምልሽ። ከሥራ መልስ ማጠቡ የማን ነው? የአማትሽ ከሆነ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ተቀበያቸው። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጪ። የውኃውን ሙቀት በክንድሽ ለኪ፣ ጣቶቹ መሐል ያለውን አፈር አጽጂ፣ የሚለፈልፈውን ስሚ። መሐል ላይ የነገው ሥራ ይመጣብሻል፤ ይምጣ። “መጣህ?” ብለሽው ወደ እግሩ ተመለሺ። ሌላ ምንም ማድረግ አይጠበቅብሽም። ደስታ ካልተሰማሽም አትመርምሪው፤ አንዳንድ ቀን ልጅ ማጠብ ልጅ ማጠብ ብቻ ነው።

ከባንክ ወጥተሽ ቤት እስክትገቢ ድረስም አንዲት ትንሽ ማረፊያ ያስፈልግሻል። አሁን የምታደርጊው ከካሸርነት በቀጥታ ወደ እናትነት መግባት ነው፣ በመሐሉ የታክሲ ግፊያ አለ። ብሎካችሁ ሥር የሚቀመጡበት ቦታ ካለ፣ ደረጃውን ከመውጣትሽ በፊት አምስት ደቂቃ ተቀመጪ። ለባለቤትሽና ለአማትሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ የጠፋሽ እንዳይመስላቸው። እዚያ ሆነሽ ትንፋሽን መጠቀም ከፈለግሽ ቀላሉ መንገድ ስታስወጪ ማርዘም ነው። ወደ ውስጥ ስንስብ የልብ ምት ፈጠን ይላል፣ ስናስወጣ ዝግ ይላል፤ ሰውነት የሚሠራው እንዲያ ነው። ዐይንሽን ሳትጨፍኚ፣ እግርሽን መሬት ላይ ደልድለሽ፣ አራት ቆጥረሽ ሳቢና ስድስት ቆጥረሽ አስወጪ። ጥቂት ጊዜ ይበቃል። አምስት ደቂቃ አይገኝም የሚባልባቸው ቀናት እንዳሉ አውቃለሁ፤ በዚያ ቀን ደረጃውን ቀስ ብለሽ ውጪ።

አሁን ግን የሚከብደውን ላንሣ። አማትሽ የጠቀሱት ተረት ያማረ ነው፣ ግን ትንሽ ይጨክናል። የቆጡም እኮ ያስፈልጋል! የቤቱን ክፍያ፣ የአባትሽን መድኃኒት፣ የትምህርት ቤቱን ወጪ ማን ያውርደው? አንቺ የብብትሽን የጣልሽው ስግብግብ ሆነሽ አይደለም። እውነተኛ ሸክም ያለበትን ሰው “አሁን ላይ ኑሪ” ብሎ መምከር አንዳንዴ ስድብ ይሆናል። ወንጌሉም “ለነገ አትጨነቁ” ሲል “ለቀኑ ክፋቱ ይበቃዋል” ብሎ ነው የጨረሰው፤ ቀኑ ቀላል ነው አላለም።

ስለዚህ የሚመላለሱብሽን ሐሳቦች በሁለት እንክፈላቸው። ሥራ ያለው ጭንቀት አለ፣ ሥራ የሌለው አለ። ኤፒክቴተስ የሚባል በባርነት ያደገ፣ እግሩም የሚያነክስ ፈላስፋ ከ1,900 ዓመታት ገደማ በፊት ሲያስተምር፣ መነሻው ይኼው ነበር፤ በእጃችን ያለውንና በእጃችን የሌለውን መለየት። የዕቁቡ ቀን በእጅሽ ነው፤ ወረቀት ላይ ይሰፍራል። የልጅሽ ዩኒፎርም በእጅሽ ነው። የአባትሽ ሕመም በእጅሽ አይደለም፤ መድኃኒታቸው በጊዜው መድረሱ ግን ነው። ማታ ከመተኛትሽ በፊት አምስት ደቂቃ ወስደሽ የነገ ሥራዎችን በደብተር ጻፊ። ስልክ ላይ ሳይሆን በወረቀት። እ.ኤ.አ. በ2018 የባይለር ዩኒቨርሲቲው ማይክል ስኩሊንና ባልደረቦቹ ይኼን በ57 ወጣቶች ላይ ሞክረውት፣ ከመኝታ በፊት የሚቀራቸውን ሥራ የጻፉት፣ ያጠናቀቁትን ከጻፉት ይልቅ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ትንሽ ጥናት ነው፣ ተአምር አልልሽም። ግን ወረቀት የያዘውን ነገር ጭንቅላት ለቀቅ ያደርገዋል፤ አንቺም የባንክ ሰው ስለሆንሽ የተመዘገበና ያልተመዘገበ ሒሳብ ልዩነቱን ታውቂዋለሽ።

የአባትሽን ስልክ በተመለከተ አንድ ሐሳብ አለኝ። ደሴ ከአባትሽ ጋር ያለው ማነው? እህት፣ ወንድም፣ ዘመድ? ከእሱ ወይም ከእሷ ጋር የሚደወልበት ሰዓት ቁረጪ፤ ለምሳሌ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል። ደህና ውለው ከሆነም ይደወል። ለድንገተኛ ነገር የእነሱን ቁጥር ብቻ የተለየ ድምፅ አድርጊለት። ያኔ ቀን የሚጮኸው ስልክ ሁሉ የደሴ ስልክ መሆኑ ይቀራል። አሜሪካ ያለችው እህትሽም አፕ ከላከች፣ የመድኃኒቱን ነገር እንዴት እንደምትካፈሉ ለመነጋገር ፈቃደኛ የማትሆን አይመስለኝም። ጠይቀሻት ታውቂያለሽ?

የጉድለቱስ ነገር? ባለቤትሽ ያውቃል? ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነብ ከደመወዝሽ መክፈልሽን ጽፈሻል፣ ለእሱ መንገርሽን ግን አላገኘሁትም። ነግረሽው ከሆነ ይቅርታሽን። ካልነገርሽው ግን ሌሊት የምትቆጥሪው ብር ከዚያ የሚመጣ ይመስለኛል፤ ገንዘቡ ተከፍሎ አልቋል፣ ምሥጢሩ ግን አላለቀም። “አጠገቤ ተቀምጠሽ ትናፍቂኛለሽ” ያለሽ ሰው መንገድ እየከፈተልሽ ነው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ፣ “ባለፈው ዓመት አንድ ነገር ደርሶብኝ ብቻዬን ይዤው ነበር” ብለሽ ጀምሪ። እግረ መንገዳችሁን የወሩን ወጪ አንድ ላይ እዩት። ምናልባት ዕቁቡ ለአንድ ዙር ይቆይ ይሆናል፣ ምናልባት አይሆንም፤ ሁለታችሁ የምታዩት ቁጥር ግን አንቺ ብቻሽን ከምታስቢው ቁጥር አይከፋም።

ስለ ቲክቶኩ ብዙ አልቆጣሽም። ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ቆጥረሽ፣ ምንም የማይጠየቅብሽ ቦታ ፈልገሽ ነው የገባሽው። ጥፋቱ እረፍት መፈለግሽ አይደለም፤ ከእዚያ ስትወጪ አለማረፍሽ ነው። ቤት ከገባሽበት ሰዓት ልጆቹ እስኪተኙ ስልኩ ድምፁ ተከፍቶ ኩሽና መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ፤ ከደሴ ከተደወለ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ማየት ካማረሽ በሰዓት ገድበሽ፣ ያለ ጸጸት እዪ።

“ተመስገን የሚለው አፌ ነው” ያልሽውም አሳስቦኛል። በግድ አመስግኚ አልልሽም፤ አፍሽ ይበል፣ ልብ ዘግይቶ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ግን ማታ ደብተሩ ላይ የነገውን ሥራ ስትጽፊ፣ ከሥሩ የዛሬን አንድ ነገር ጨምሪበት። “ጤና” ወይም “ቤተሰብ” ብለሽ በጅምላ አትጻፊ። “ትንሹ ሳሙናውን ዓሣ ነው አለኝ” ብለሽ ጻፊ። እንዲህ ያለ ነገር ለመጻፍ ቀን ላይ ማየት ግድ ስለሚሆን፣ ዐይንሽ ሳይታዘዝ መፈለግ ይጀምራል። የማይገኝበት ቀን ባዶውን ተዪው።

አንድ ነገር ሳልጠይቅሽ ማለፍ አልችልም። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት አስቢ። አብዛኛውን ቀን ልብሽ ጨልሞ፣ ቀድሞ የምትወጂው ነገር ሁሉ ጣዕም አጥቶ፣ እንቅልፍሽ ወይም የምግብ ፍላጎትሽ ተዛብቶ፣ ራስሽን እንደ ከንቱ ስትቆጥሪ ከርመሽ ከሆነ፣ ይኼ የቀልብ ጉዳይ ብቻ ላይሆን ይችላል። ድብርት ይታከማል። አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልን ጨምሮ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች አዲስ አበባ ውስጥ አሉ፤ አቅራቢያሽ ካለው ጤና ጣቢያ መጀመርም ይቻላል። መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ መጥቶብሽ ከሆነ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ ለባለቤትሽ ነግረሽው አብራችሁ ሂዱ። ሐኪም ጋር መሄድ ጸሎትን አይሽርም፣ አማትሽም ቢሆኑ ለአባትሽ መድኃኒት ሲላክ ጸሎት ይበቃል ያሉ አይመስለኝም።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ በዚህ ሳምንት ሁለቱን ብቻ ያዢ፤ የልጅሽን የጥርስ ታሪክ ማዳመጥና ከባለቤትሽ ጋር ስለ ጉድለቱ መነጋገር። መታጠቡ፣ ደብተሩ፣ የደሴው የስልክ ሰዓት በሚቀጥሉት ሳምንታት አንድ በአንድ ይግቡ። ለእህትሽም አመስግነሽ ጻፊላት፤ የላከችልሽን ሞክረሽ፣ ለአንቺ የሚሆነውን በሌላ መንገድ እንዳገኘሽው ንገሪያት። ለአማትሽ ደግሞ ስለ አፑ ማስረዳት ሳያስፈልግሽ፣ ትንሹን ልጅ እኔ ልጠበው ብለሽ ብትቀበያቸው ነገሩ የገባቸው ይመስለኛል።

ከባለቤትሽ ጋር ያደረጋችሁት ንግግር እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ፤ ስምሽ እንደማይወጣ ቃሌ ነው። ለአባትሽ ምሕረቱን ይላክላቸው።